አሮጌው ኮምፒዩተር፥ የጨዋታው ሣጥንና የቤቱ ሲኒማ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት፥ የሳይንስ ክበብ አባል በሆነ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)



 የንግግሬን አርእስት ያነበቡ አንዳንድ ወላጆች «ደግሞ ስለ ጌም ሊያወራልን ነው» ብለው ሳይሥቁ አልቀሩም። እውነት ነው፤ ስለ ጌምም እናገራለሁ። የተነሣሁበት ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው።

ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለው የዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ 18 ኮምፒዩተሮች አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከመምህራችን ፈቃድ ተቀብለን ገብተን አንድ በአንድ ቈጥረናቸዋል። የወላጆችና የመምህራን ኅብረት በሚመጣው ወር በሚያደርገው ስብሰባ፥ እነዚህን ዕቃዎች እንደ ቁራጭ ብረት በጨረታ ለማስወገድ ሐሳብ እንዳለው ሰምተናል። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ መሆኑን እናውቃለን፤ ክፍሉ ጠቧል፥ ዕቃውም አርጅቷል። እኛ የምንለምነው፥ ከመወሰናችሁ በፊት በነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ምን እንዳለ እንድትሰሙን ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ግን የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ አንድ ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይዞልኝ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ማንንም ሳልጠይቅ ገመዱን ከዲቫይደሩ ላይ ሰካሁና ቁልፉን ተጫንሁ። ወዲያው እንደ ርችት ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ከሣጥኑ ጀርባ ጢስ ወጣ፤ የቤቱም መብራት ድርግም አለ። እናቴ «እግዚኦ!» እያለች ከማድቤት ሮጣ መጣች። አባቴ ጢሱን በመሐረቡ እያባረረ ወደ እኔ ተመለከተና «ልጄ፥ ይህ እኮ የአጎትህ ላብ ነው» አለኝ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ቃል ከበደኝ።

በሠፈራችን ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሣጥኑን ተሸክሜ ሄድሁና «ጋሼ፥ ሞቷል መሰለኝ» አልኋቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው «ሳትከፍተው መሞቱን በምን ዐወቅህ?» አሉና ካቻቢቴውን አቀበሉኝ። አራት ብሎን ፈታን። ጋሼ አሸተቱ፤ በቴስተራቸውም እየነኩ ለኩ። «ይኸው፤ የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። አንተ ግን ሁለተኛ ሳታይ እንዳትሰካ» አሉኝ። ከሣጥኑ ጀርባ አንዲት ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ነበረች፤ በላይዋም 115 የሚል ቁጥር ተጽፎባት ነበር። ወደ ሌላው ወገን ብትገፋ 230 ትል ነበር። እኔ አላየኋትም።

ፊዚክስ ለምንማር ለኛ ነገሩ ግልጽ ነው። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የኛ 220 ነው። መቀየሪያዋ 115 ላይ ስትሆን፥ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ወረዳ የመጣለትን ቮልቴጅ እጥፍ ያደርገዋል፤ የአሜሪካን ዝቅተኛ ኀይል ከኤውሮፓው ጋር ለማስተካከል የተበጀ ዘዴ ነው። የኛ 220 ግን ጫፉ 311 ቮልት ያህል ስለሚደርስ እጥፉ 622 ይሆናል። ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች እያንዳንዳቸው ለ200 ቮልት የተሠሩ ሲሆኑ 311 ሲመጣባቸው እንዴት ይችሉታል? በዚያ ጧት የሰማሁት ድምፅ ይህ ነበር። ስለዚህ ከውጭ አገር ዘመድ ዕቃ የሚያመጣላችሁ ጓደኞቼ ሁሉ፥ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ያለ ስጋት ስኩት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል።

ጋሼ ከአሮጌ ሣጥን ላይ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ፈትተው ገጠሙልኝ። ከሌላ ፋብሪካ የወጣ ነበረ፤ ነገር ግን ብሎኑም ቀዳዳውም መሰኪያውም ልክክ አለ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብዬ መጠየቅ የጀመርሁት ያን ቀን ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በዚሁ ላሳስብ።)

በኦገስት 1981 አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ አወጣ። መሐንዲሶቹ በፍሎሪዳ በምትገኘው በቦካ ራቶን ከተማ ሆነው ሥራውን በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ መጨረስ ስለ ነበረባቸው፥ ሁሉን በራሳቸው ፋብሪካ ከመሥራት ይልቅ ገበያ ላይ የሚገኙትን ክፍሎች ገዝተው ሰበሰቡ። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 8088 ሲሆን ፍጥነቱ 4.77 ሜጋኸርዝ ነበረ፤ በትንሹ የተሸጠው 16 ኪሎባይት ማስታወሻ ብቻ ነበረው። ዛሬ በኪሳችን ባለው ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ በዚያ ማስታወሻ ውስጥ አይገባም። ትልቁ ነገር ግን ፍጥነቱ አልነበረም። በውስጡ ተጨማሪ ካርድ የሚገባባቸው 5 ቀዳዳዎች ነበሩ፤ የሽቦ አሠራሩ ንድፍም በመጽሐፍ ታትሞ ለሽያጭ ቀረበ። ያን ያነበበ ሁሉ ካርድ መሥራት ቻለ። በ1983 ኮምፓክ የተባለው አዲስ ኩባንያ፥ መነሻውን ፕሮግራም ሳይገለብጥ ከእንደገና አስጽፎ፥ ከአይ ቢ ኤሙ ጋር የሚስማማ ኮምፒዩተር መሸጥ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤ ቲ ኤክስ የተባለውን መለኪያ አወጣ፤ ማዘርቦርዱ በየት በየት በኩል እንደሚታሰር፥ ፓወር ሰፕላዩም ምን ዐይነት መሰኪያ እንደሚኖረው ይወስናል። ጋሼ ከአሮጌው ሣጥን የፈቱት ዕቃ ከአጎቴ ስጦታ ጋር የገጠመው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በዕረፍት ሰዓት ከመዝናኛ ክበቡ አጠገብ ተሰብስበን ስንከራከር የሚያዩን መምህራን፥ ስለ እግር ኳስ የምንጣላ ይመስላቸዋል። የምንከራከረው ብዙውን ጊዜ «ገንዘብ ቢገኝ በመጀመሪያ የቱ ይቀየር?» በሚለው ላይ ነው። አንዱ ፕሮሰሰሩ ይላል፤ ሌላው ግራፊክስ ካርዱ ካልተቀየረ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እኔ ብዙ ከተሸነፍሁ በኋላ የደረስሁበትን አሳብ ልንገራችሁ፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ከሆነ በመጀመሪያ ዲስኩ ይቀየር።

ምክንያቱን በስሌት አሳያለሁ። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ እንደ ሸክላ ማጫወቻ የሚዞር ሳሕን ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ከሆነ በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። የሚፈለገው ጽሕፈት እስኪመጣ መርፌው በአማካይ ግማሽ ዙር፥ ማለት 4.2 ሚሊሴኮንድ ይጠብቃል። መርፌው ራሱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድበት ጊዜ ሲጨመር 12 ሚሊሴኮንድ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ዲስኩ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሊያነብባቸው የሚችላቸው የተበታተኑ ቦታዎች ከ80 ብዙም አይበልጡም። ኮምፒዩተር ሲነሣ ግን በሺሕ የሚቈጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ይፈልጋል። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ዲስክ የሚዞርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለውም፤ አንዱን ቦታ ለማግኘት ከአንድ ሚሊሴኮንድ አንድ ዐሥረኛው ያህል ይበቃዋል። የአጎቴ ኮምፒዩተር ተነሥቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ እናቴ ቡና ቈልታ ትጨርስ ነበር። ዲስኩን ከቀየርሁ በኋላ ግን ምጣዱን ሳትጥድ ይነሣል።

ቀጥሎ ራም የሚባለው ማስታወሻ ነው። ይህን ለታናሽ ወንድሜ ያስረዳሁት እንዲህ ብዬ ነበር፤ ዲስኩ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው፥ ራሙ ግን የምትጽፍበት ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን መጽሐፍ ለመክፈት ሌላውን ወደ መደርደሪያው መመለስ አለብህ። ራም ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ዲ ዲ አር 3፥ ዲ ዲ አር 4ና ዲ ዲ አር 5 የሚባሉት ትውልዶች እርስ በርሳቸው አይለዋወጡም፤ በስሕተት እንዳይገቡ ሲባል የጥርሱ ክፍተት በየትውልዱ ቦታው ይለያያል። «እንቢ አለኝ» ብሎ በጕልበት የተጫነና ማዘርቦርዱን የሰበረ ጓደኛ አለን፤ ስሙን አልናገርም፥ እዚሁ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጧል።

ግራፊክስ ካርድ የጌም ወዳጅ ሁሉ ምኞት ነው። ዳሩ ግን የቢሮ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ 240 ዋት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ 200 ዋት የሚበላ ካርድ ሊሸከም አይችልም። ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ብቻ የሚመገብ ካርድ ቢበዛ 75 ዋት ይወስዳል፤ ለአሮጌ ሣጥን የሚስማማው ይህ ነው። አቧራ መጥረግና በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት መቀየር ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ሲሆን፥ ከተማሪ ሁሉ ማንም ሊያደርገው አይወድም።

አሁን ወደ ጨዋታው ሣጥን ልለፍ። ኮንሶል ማለት ራሱን የቻለ፥ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ የጨዋታ ኮምፒዩተር ነው። የመጀመሪያው የቤት ኮንሶል ማግናቮክስ ኦዲሲ የተባለው ሲሆን በ1972 ተሸጠ። አሳቡን ያፈለቀው ራልፍ ቤር ይባላል፤ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ መሐንዲስ ነበረ። ያ መሣሪያ ፕሮሰሰርም ድምፅም አልነበረውም፤ የጨዋታው ሜዳ በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ በሚለጠፍ ሥዕላም ፕላስቲክ ይተካ ነበር! ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆነ። በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ወደቀ፤ በ1985 የጃፓኑ ኒንቴንዶ በአሜሪካ ሲገባ፥ ያለ ፈቃዱ የተሠራ ጨዋታ እንዳይነሣ የሚከለክል የቁልፍ ቺፕ በሣጥኑ ውስጥ አኖረ። በ1994 የሶኒ ፕሌይስቴሽን በጃፓን ወጣ፤ በ2000 የተከተለው ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

እዚህ ላይ የሁለቱ ዕቃዎች ጠባይ ምን ያህል እንደሚለያይ ተመልከቱ። የአይ ቢ ኤሙ ሣጥን ንድፉ የታተመ፥ በካቻቢቴ የሚከፈት ነው። የጨዋታው ሣጥን ግን የተቈለፈ ነው። የዚህም ምክንያት ንግድ ነው፤ አንዳንዱ ኩባንያ ሣጥኑን በኪሣራ ሸጦ ትርፉን ከየጨዋታው ሽያጭ ይሰበስባል። ቁልፉ ከተሰበረ ሒሳቡም ይሰበራል።

በዚህ ረገድ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ በኖቬምበር 2001 የወጣው የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ታሪክ ነው። ጥቁሩን ክዳን ብትከፍቱት በውስጡ ያለው የምናውቀው ኮምፒዩተር ነው፤ የኢንቴል 733 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፥ የኤንቪዲያ ግራፊክስ፥ 64 ሜጋባይት ማስታወሻ፥ ሃርድ ዲስክ፥ የኔትዎርክ መሰኪያ። የጐደለው የባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ነበር። አንድሩ ኋንግ የተባለ በኤም አይ ቲ የዶክትሬት ተማሪ በ2002፥ ሚስጥሩ ቁልፍ ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው በሽቦው ላይ ሲያልፍ ጠልፎ አነበበው። ሥራውን ደብቆ አልነገደበትም፤ በ2003 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በማዘርቦርዱ ላይ ለተጨማሪ ማስታወሻ የተተወ ባዶ ስፍራ መኖሩን ያዩ ሌሎች አፍቃሪዎች ደግሞ ቺፕ በየዱበትና 64ቱን 128 አደረጉት። ያልተፈቀደን ማሻሻል በመበየጃ ጫፍ ፈቀዱት ማለት ነው። ቁልፍ መስበር የተገለበጠ ጨዋታ ለማጫወትም እንደ ዋለ አልክድም፤ ያ የሰውን ድካም ያለ ዋጋ መውሰድ ስለ ሆነ አልደግፈውም።

ነገር ግን ከዚያው ሥራ ሌላ ፍሬ ወጣ። ጥቂት ወጣቶች በየአገራቸው ሆነው፥ ኤክስቦክሱ ከቴሌቪዥኑ ሥር መቀመጡን አይተው «ጌም ብቻ ለምን ይጫወታል? በኮምፒዩተራችን ያለውን ፊልምና ዘፈን ለምን በኔትዎርክ ስቦ አያሳየንም?» አሉ። የጻፉት ፕሮግራም ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር ተባለ። በኋላ የፊልሙ ጥራት ከፍ ሲል 733 ሜጋኸርዙ አልችልህ አለ፤ እነሱም ፕሮግራሙን ከ2007 ጀምሮ ወደ ሊኑክስና ወደ ሌሎች ኮምፒዩተሮች አሻገሩት። በ2014 ስሙን ለውጠው ኮዲ አሉት። ፕሌክስ የተባለውም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። ጄሊፊን የሚባለው ደግሞ በ2018 ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም ምንጩን ለሕዝብ መስጠት ባቆመ ጊዜ፥ በፊት ከተሰጠው ላይ ተነሥተው የቀጠሉት ሰዎች ሥራ ነው፤ ያለ ክፍያ ይገኛል።

ኮንሶል ይሻላል ወይስ ኮምፒዩተር የሚለው ክርክር በመካከላችን አያልቅም። ከ2013 ጀምሮ የፕሌይስቴሽን 4ም የኤክስቦክስ ዋንም ፕሮሰሰር ኤ ኤም ዲ የሠራው፥ ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ነው። በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ተጨማሪ ኤስ ኤስ ዲ በባለቤቱ እጅ እንዲገጠምለት ይፈቅዳል። በ2022 የቫልቭ ስቲም ዴክ በሊኑክስ የሚሠራ የእጅ ጌም ሆኖ መጣ። ድንበሩ እየጠፋ ነው። ለጨዋታ ብቻ የሚፈልግና ገንዘብ ያለው ሰው ኮንሶል ቢገዛ አልነቅፈውም፤ ከ4ኛው ፕሌይስቴሽን እስከ 5ኛው 7 ዓመት ነውና እስከዚያ ምን ልቀይር ብሎ አይጨነቅም። እንደኛ ያለው ግን የቤት ሥራም መጻፍ አለበት።

በቤታችን ይህ ጥያቄ በእውነት ተነሥቶ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከትምህርት ሲመለስ በሠፈሩ ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት እየገባ በየጨዋታው እየከፈለ ፊፋ ይጫወት ነበር፤ የምሳ ገንዘቡም እዚያ ያልቅ ጀመር። አባቴ ነገሩን በደረሰበት ጊዜ «ከእንግዲህ የጌም ስም በዚህ ቤት አይነሣ» አለ። እኔም «አባባ፥ አይቈጡ፤ በአጎቴ ኮምፒዩተር ላይ እኔ ላስተካክለው፤ እዚህ እያያችሁት በሰዓት ይጫወት» ብዬ ለመንሁ። አንድ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ፥ ከላይ የተናገርሁትን የ75 ዋቱን፥ ከመርካቶ ገዛን። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካነው። አባቴ አልተረታም፤ «ይህም ያው ጊዜ መግደያ ነው» እያለ ጋዜጣውን ያነብብ ነበር።

አባቴን የረታው ሌላ ነገር ነው። የወላጆቼ የሠርግ ፊልም በቪዲዮ ካሴት የተነሣ ሲሆን ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ዲቪዲ ተገልብጦ ነበር። ዲቪዲው ተጫጭሮ ከመካከሉ ይቆማል። እማዬ በየዓመት በዓሉ ታወጣውና ሲቆም መልሳ ትከተዋለች። በዚያ ፊልም ውስጥ እኔ ያልደረስሁባት አያቴ እልል ስትል ትታያለች። አንድ ቅዳሜ ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ፥ የማይነበበውን ክፍል እየደጋገመ የሚሞክር ፕሮግራም አስገብቼ፥ ሌሊቱን ሙሉ እንዲገለብጥ ተውሁት። ሲነጋ ከጥቂት ሴኮንዶች በቀር ሁሉ ተነብቦ ነበር። ጄሊፊንን ጫንሁና ፊልሙን በቴሌቪዥኑ ከፈትሁት። እማዬ አያቴን ስታያት ምንም አልተናገረችም። አባቴ ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ኮምፒዩተር ገንዘብ ስጠይቅ «ለምን?» ይለኛል እንጂ «አይሆንም» አይለኝም።

የቤት ስትሪሚንግ የሚባለው ይኸው ነው፤ ፊልሙ በአንድ ኮምፒዩተር ተቀምጦ በቤቱ ውስጥ ወዳለው ቴሌቪዥንና ስልክ ይፈሳል። ብዙ ወላጆች ኢንተርኔት የሚፈጅ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለው መንገድ የራሳችን ነው፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ግን፥ ያው ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ጥቂት ቁጥር ታገሡኝ። አንድ ባለ 1,920 በ1,080 ነጥብ ሥዕል 2,073,600 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ በ24 ቢት ቢጻፍና በሴኮንድ 24 ሥዕል ቢያልፍ 1,194,393,600 ቢት በሴኮንድ ይሆናል። ይህን ብዙው የቤት ኔትዎርክ አይችለውም። በ2003 የወጣው ኤች 264 የተባለው የማመቂያ ሥርዓት፥ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ያልተለወጠውን ደግሞ ባለመጻፍ፥ ወደ 5 ሚሊዮን ቢት ያህል ሊያወርደው ይችላል፤ ከ200 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ኤች 265 በ2013፥ ኤ ቪ 1 በ2018 ተከትለው ይበልጥ አመቁት፤ ነገር ግን አሮጌ ቴሌቪዥን እነዚህን ማንበብ አይችልም። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ፊልሙን እየፈታ በሌላ ሥርዓት እንደገና ማመቅ አለበት፤ ለአሮጌ ፕሮሰሰር ይህ ዳገት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፊልሞቹን አስቀድሞ በሌሊት ወደ ኤች 264 መለወጥ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ እንዳለ ከማቀበል በቀር ሥራ የለውም።

አሁን ወደ ግምጃ ቤታችን ልመለስ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን የተለመደ ጥበቃ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ2013 እንደ ተሠሩት ያሉትን ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። የኛዎቹ 18 በሙሉ የዚያ ዘመን ናቸው፤ «ጊዜ ያለፈባቸው» የተባሉትም በዚህ ነው። ሊኑክስ ግን ይቀበላቸዋል፤ የጽሕፈት፥ የሒሳብ ሠንጠረዥና የፕሮግራም መማሪያ መሣሪያዎች ሁሉ ያለ ክፍያ ይገኙበታል።

ሁሉም ይድናሉ ብዬ አላታልላችሁም። ከፈቃድ ጋር ከፍተን አይተናል። የ4ቱ ማዘርቦርድ አይነሣም፤ የአንደኛው ካፓሲተሮች እንደ እንጀራ ዐይን ሳይሆን እንደ ዳቦ አብጠዋል። 14ቱ ይነሣሉ። እያንዳንዱ ሣጥን ባለ 4 ጊጋባይት አንድ ራም አለው። ከሞቱት 4 ብንፈታ 18 ራም ለ14 ኮምፒዩተር ይደርሳል፤ 4ቱ 8 ጊጋባይት ይኖራቸዋል። ሁሉን 8 ለማድረግ 10 ያገለገሉ ራሞች፥ እንዲሁም 14 ኤስ ኤስ ዲዎች መግዛት ያስፈልጋል። ፋብሪካዎቹ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽኖች ስላዘነበሉ የማስታወሻ ዋጋ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ መውጣቱን አውቃለሁና ዛሬ ዋጋ አልጠራም፤ ከሦስት ሱቅ ጠይቀን ለስብሰባው በጽሑፍ እናቀርባለን። ለ18ቱ እንደ ብረት የሚገኘው ብር አንድ አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛ እንደ ሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

ከ14ቱ 12ቱን ለተማሪዎች ክፍል አስበናቸዋል። አንዱ ታናናሾቻችን እየፈቱና እየገጠሙ የሚማሩበት ይሁን፤ ቢሰብሩትም አይቈጣም። የቀረው አንዱ የትምህርት ፊልም ማከማቻ ይሆናል። ያለን የ100 ሜጋቢት ገመድ በ5 ሜጋቢት ሲካፈል 20 ነው፤ ለጥንቃቄ 15 እንበል። መምህራችን የኬሚስትሪ ሙከራ በስልካቸው ቀርጸው ቢያስቀምጡልን፥ 12ቱም ተማሪዎች በየራሳቸው ጊዜ እያቆሙ እየመለሱ ሊያዩት ይችላሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ክፍያ። አንድ መምህር በልምምዱ ላይ «አሮጌ ማሽን ኤሌክትሪክ አይፈጅም ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። 60 ዋት በ10 ሰዓት 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንደ ራስበሪ ፓይ ያለች ትንሽ ሰሌዳ ከዚህ በጣም ጥቂት ትወስዳለች፤ እሷ ግን ትገዛለች፥ ይህ ግን እጃችን ላይ ነው።

በመጨረሻ፥ ከጀርባዬ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ግራጫ ሣጥን አይታችሁት ይሆናል። ከ18ቱ አንዱ ነው፤ ቁጥሩ 7 ነው። ፓወር ሰፕላዩን ጋሼ አይተውታል፤ መቀየሪያውንም እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፥ 230 ይላል። በውስጡ የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች ያዋሱን ያለፉ የስፖርት ቀናት ፊልሞች ተገልብጠው ተቀምጠዋል። በቀኝና በግራ ያሉት ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ከእሱ ይቀበላሉ። ከኋላ የተቀመጣችሁ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ በግራ በኩል ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ይሻላል። ካቻቢቴ ለመያዝ የሚወድ ተማሪ ቅዳሜ ጧት በ3 ሰዓት ከፊዚክስ ላቦራቶሪው በር ላይ ያገኘናል።  አሁን ቁልፉን እጫናለሁ።